የጎጃም ጓሮ አደንጓሬና ቦሎቄ፦ ባለ ብዙ ቀለሙን ዘር ስለማብቀልና ስለማቆየት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የሰፈሩት ጥያቄዎች ክረምት በገባ ቁጥር ከጎረቤትና ከዘመድ የሚመጡ ናቸው። መልሱ የተጻፈው ሰፊ ማሳ ላለው ገበሬ አይደለም። ከቤቱ ጀርባ ጥቂት መደብ፣ አንድ አጥርና ጥቂት የበቆሎ ግንድ ላለው ሰው ነው። ነጩን፣ ጥቁሩን፣ ዳማውን፣ ቡሬውንና ዝንጉርጉሩን ለይቶ ከዓመት ዓመት ማሻገር የሚቻለው በዚህ ዓይነት ትንሽ ጓሮ ነው ብዬ አምናለሁ። ማሳ ላይ የሚዘራው ገበያው የሚጠይቀው አንድ ዓይነት ብቻ ነው። በአዊ በኩል ደግሞ ብዙ ማሳ ወደ ዲከረንስ ዛፍ ዞሯል። የቀረው የዘር ዓይነት የት አለ ቢባል እናቶች ጓሮ ነው ያለው።

አደንጓሬ፣ ቦሎቄና ባቄላ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ባቄላን ለብቻ አውጡት። እሱ የደጋ ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው፣ የማይሳብና ብርድ የሚችል እህል ነው። ቦሎቄና አደንጓሬ ግን እርስ በርስ ዘመዳሞች ናቸው። የሁለቱም መነሻ የአሜሪካ አህጉር ነው። ወደ እኛ አገር የገቡት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ከፖርቹጋሎች ጋር እንደሆነ ይታመናል።

በሰው አነጋገር ትንሽ ፍሬ ያለውና ቁጥቋጦ ሆኖ የሚቀረው ቦሎቄ፣ ፍሬው ትልልቅ የሆነውና የሚሳበው አደንጓሬ ይባላል። ዘር ለሚይዝ ሰው ግን ይህ አይበቃም፤ አደንጓሬ የሚባሉት ሁለት የተለያዩ ተክሎች ናቸውና። አንዱ የሚሳብ ቦሎቄ ነው። ሌላው ከሜክሲኮና ከጓቲማላ ደጋ የመጣው፣ ቅዝቃዜ የሚስማማው፣ ቀይ ወይም ነጭ አበባውን በረጅም ዘንግ ላይ የሚደረድረው ነው። ይህን ከዚህ በታች «ትልቁ አደንጓሬ» እለዋለሁ።

ሁለቱን የሚለየው ቀላሉ ምልክት የሚታየው በሚበቅልበት ቀን ነው። ቦሎቄ፣ የሚሳበውም ጭምር፣ ከአፈር ሲወጣ አንገቱን ደፍቶ፣ ሁለቱን ክክ ተሸክሞ ይወጣል፤ ከዚያ ቀና ብሎ ክኩን ከፍቶ ቅጠል ያወጣል። ትልቁ አደንጓሬ ክኩን አፈር ውስጥ ትቶ ቅጠሉን ብቻ ይዞ ብቅ ይላል። የትኛው የትኛው እንደሆነ በዚያው ቀን ጻፉት። ወደ በኋላ ስለ መዳቀል ስናወራ ይህ ማስታወሻ ያስፈልጋችኋል።

የምኖርበት አካባቢ ይስማማቸዋል?

እንደ ከፍታው ነው። በባሕር ዳር (1,800 ሜትር ገደማ)፣ በፍኖተ ሰላምና በመራዊ አካባቢ ቦሎቄ ያለ ችግር ይደርሳል። ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ሞጣ፣ ቢቸናና እንጅባራ ስትወጡ ከፍታው 2,400 እና 2,500 ሜትር ይጠጋል። እዚያ ቁጥቋጦ ቦሎቄ ይዘገያል፣ በዝናቡም ይጎዳል። የዚያ አገር ባለቤት ትልቁ አደንጓሬ ነው። ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ትልቁ አደንጓሬ ሙቀት ሲበዛበት አበባውን ያራግፋል፣ ቢያብብም አያፈራም።

ውርጭ ሁለቱንም ይገድላል። ልዩነቱ ትልቁ አደንጓሬ ሥሩ የሚወፍርና ዓመት የሚያልፍ ተክል መሆኑ ነው። ላዩ ቢቃጠልም አፈሩ ውስጥ ያለው ሥር ከተረፈ በሚቀጥለው ዝናብ እንደገና ያቆጠቁጣል። ስለዚህ የደረቀውን ሐረግ ስታነሡ ከሥሩ አትንቀሉት፣ ቁረጡት።

ባለ ቀለሙን ዘር ከየት ላግኝ?

ከሁሉ በፊት ከጎረቤት። በተለይ ዕድሜ ጠገብ እናቶች ካሉበት ቤት አንድ እፍኝ ለምኑ። እፍኙን ስትቀበሉ ዝም ብላችሁ አትሂዱ፤ ይሳባል ወይስ አይሳብም፣ መቼ ይዘራል፣ ቶሎ ይበስላል ወይስ እንጨት ይፈጃል ብላችሁ ጠይቁ። ያ እውቀት ከዘሩ ጋር ካልመጣ ግማሹ ቀርቷል።

ሁለተኛው ምንጭ እህል ተራ ነው። ለንፍሮ የሚሸጥ አደንጓሬ ነቀዝ ካልበላውና ያለፈው ዓመት ምርት ከሆነ ይበቅላል። በገበያ ቀን ጠዋት ሄዳችሁ ከድብልቁ ክምር ውስጥ የምትፈልጉትን መልክ አንድ በአንድ እየለቀማችሁ ግዙ። ሻጯ ምን እንደምታደርጉ ከተረዳች አብራችሁ ትለቅማለች።

የተሻሻሉ ዝርያዎችም አሉ። አዋሽ መልካና መክሲካን 142 ነጭ፣ ናስርና ሐዋሳ ዱሜ ቀይ ናቸው። ቶሎ የሚደርሱና ለማሳ ጥሩ የሆኑ ናቸው፤ አልጠላቸውም። ለጓሮ ግን የአካባቢውን ዝናብ የለመደው፣ በበቆሎ ላይ መውጣት የሚያውቀው የአገሩ ዘር ይሻላል ባይ ነኝ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በኬሚካል የታሸ፣ ቀለም የተቀባ የዘር እህል ካገኛችሁ ዝሩት እንጂ ፈጽሞ ወደ ድስት አታስገቡት። ታጥቦም ቢሆን አይበላም።

መቼ ልዝራ?

የሚሳበው ከበቆሎ ጋር ይሄዳል። በቆሎው በግንቦት ወይም በሰኔ መጀመሪያ ተዘርቶ ጉልበት ድረስ ሲደርስ፣ አደንጓሬው በሥሩ ይተከላል። አንድ ላይ ቢዘሩ አደንጓሬው ቀድሞ ይወጣና ለጋውን በቆሎ አንቆ ያስተኛዋል። ቁጥቋጦ ቦሎቄ ከ85 እስከ 100 ቀን ባለው ጊዜ ስለሚደርስ መቸኮል አያስፈልገውም። በግንቦት ቢዘራ የሚደርቀው በነሐሴ ዝናብ ውስጥ ነውና ዛላው ላይ ይሻግታል። ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ብትዘሩት መድረቂያው ዝናቡ ሲያበቃ ይሆናል።

የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ ያለው ሰው ውርጩ ካለፈ በኋላ፣ ከጥር ጀምሮ በመስኖ መዝራት ይችላል። ለዘር የሚሆን ንጹሕ ምርት ለማግኘት ይህ እንዲያውም ከክረምቱ ይበልጣል። ቅጠሉ አይርስም፣ በሽታውም ያነሰ ነው።

አፈሩን እንዴት ላዘጋጅ? ማዳበሪያስ ያስፈልገዋል?

ቦዳው፣ ማለት ቀዩ አፈር፣ ውሃ ስለሚያሳልፍ ይመቸዋል። ዋልካ ከሆነ ግን መደቡን ከፍ አድርጉና ዙሪያውን ቦይ አውጡለት። ቦሎቄ ውሃ በቆመበት ሁለት ሦስት ቀን ከዋለ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ሥሩም ይበሰብሳል።

ቀዩ አፈር የራሱ ችግር አለው። በምዕራብ ጎጃምና በአዊ ዝናቡ ብዙ ስለሆነ አፈሩን አሲዳማ ያደረገበት ቦታ ብዙ ነው፤ ቦሎቄ ደግሞ አሲዳማ አፈር ከማይችሉት እህሎች አንዱ ነው። ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ለማሳ የሚመክሩት ኖራ ለጓሮም ያገለግላል። ኖራ ያላገኘ ሰው የምድጃ አመድ ከመዝራቱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በስሱ በትኖ ከአፈሩ ጋር ይቆፍረው። በቤቱ ዙሪያ አመድና ፍግ ሲደፋበት የኖረ ጓሮ አደንጓሬ የሚያምርበት ምክንያትም በከፊል ይኸው ነው።

ስለ ማዳበሪያ፦ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ይበቃል። ዩሪያ አታድርጉ። ቦሎቄ ናይትሮጅን ከአየር የሚያገኘው በሥሩ ላይ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ነው። ይህ መሥራቱን ማየት ከፈለጋችሁ ማበብ በጀመረበት ሳምንት አንዱን ተክል በመኮትኮቻ ከነአፈሩ በቀስታ አውጥታችሁ ሥሩን በውሃ ለቅለቅ አድርጉት። ትንንሽ ክብ እባጮች ታያላችሁ። አንዱን በጥፍር ሰንጥቁት። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ ባክቴሪያው እየሠራ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አልጀመረም ወይም ሥራውን ጨርሷል። እባጭ ጭራሽ ከሌለ ሕያው ማዳበሪያ የሚባለውን ፈልጉ፤ ግን ለቦሎቄ የተዘጋጀውን። የባቄላው ለቦሎቄ አይሠራም፣ ባክቴሪያዎቹ የተለያዩ ናቸው።

በምን ላይ ላሳበው?

በቆሎ የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ግንዱ ወፍራምና ረጅም የሆነውን ምረጡ። ለአንድ ግንድ አንድ አደንጓሬ ይበቃዋል፤ ሁለት ሦስት ከወጡበት የነሐሴ ነፋስ አብሮ ይጥላቸዋል። በቆሎው እሸቱ ቢበላም ግንዱን አትቁረጡ። አደንጓሬው ገና ሁለት ወር ይፈልገዋል።

በቆሎ በሌለበት የቀርከሃ ወይም የባሕር ዛፍ እንጨት ሦስት አራቱን ጫፋቸውን አስራችሁ አቁሙ። በአዊ ቀርከሃ በቀላሉ ስለሚገኝ ለዚህ የሚስተካከለው የለም። በየእንጨቱ ሥር ሦስት አራት ፍሬ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አስገቡና የጠነከሩትን ሁለቱን አስቀሩ። ሐረጉን በእጅ ስትመሩት አዟዟሩን ተመልከቱ። ከላይ ሲታይ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ነው የሚዞረው፤ በግድ ወደ ሌላ አቅጣጫ ብትጠመጥሙት ፈትቶ ይወርዳል።

አጥርም ይሆናል። የባሕር ዛፍ ተክል ባለበት አጥር ሥር ግን አትድከሙ፣ ውሃውንም ብርሃኑንም ይወስድበታል። የማይሳበውን ቦሎቄ በመደብ ላይ በመስመር መካከል 40፣ በተክል መካከል 10 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ዝሩት።

ቅጠሉ ጓሮውን ሞላው፣ ዛላ ግን የለውም። ለምን?

ብዙውን ጊዜ ናይትሮጅን በዝቶበት ነው። ዩሪያ ባታደርጉም ትኩስ ፍግ ወይም የበረት እጣቢ የሚደርሰው ጓሮ እንዲህ ያደርጋል። ሁለተኛው ምክንያት ጥላ ነው። ሦስተኛው በትልቁ አደንጓሬ ላይ ብቻ የሚታይ ነው፦ አበባው ንብ ካላረፈበት በደንብ አያፈራም። ሐምሌ ሙሉውን ሲዘንብ ንብ ስለማይወጣ የመጀመሪያው አበባ ይረግፋል። አትዘኑ፣ መስከረም ላይ ሲያበራ የሚወጣው አበባ ይይዛል። ቦሎቄ በዚህ በኩል ችግር የለበትም፣ ራሱን በራሱ ያዳቅላል።

የተለያየ ቀለም ጎን ለጎን ብዘራ ዘሩ ይደባለቃል?

ከሁሉም ጥያቄዎች ዘር የማቆየቱ ጉዳይ የተንጠለጠለው በዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ቦሎቄ አበባው ሳይፈካ ራሱን ስለሚያዳቅል አብዛኛው ዘር እናቱን ይመስላል። መዳቀል ቢኖርም ከመቶው ጥቂቱ ነው። በሁለት ዓይነቶች መካከል ሦስት አራት ሜትር ከተዋችሁ፣ ወይም መሀል ላይ አንድ መስመር በቆሎ ካቆማችሁ ለቤት በቂ ነው። የሚሳቡትን ግን በአንድ እንጨት ላይ ሁለት ቀለም አታውጡ። ሐረጋቸው ከተያያዘ የየትኛው ዛላ የየትኛው እንደሆነ ባለቤቱም አያውቅም። ብዙ ሰው «ተዳቀለብኝ» የሚለው በለቀማ ጊዜ የተደባለቀ እህል ነው።

ትልቁ አደንጓሬ ሌላ ነው። ንብ ከአንዱ ወደ ሌላው እየወሰደች ታዳቅለዋለች፣ ጎጃም ደግሞ የማር አገር ነው። ነጩንና ዝንጉርጉሩን በአንድ ክረምት በአንድ ጓሮ ዘርቶ ለይቶ ማቆየት አይቻልም፤ የጎረቤት ጓሮም ይቆጠራል። መፍትሔው በየዓመቱ አንድ ቀለም ብቻ መዝራት ነው። በደንብ የደረቀ ዘር ሦስት ዓመት ገደማ ስለሚቆይ ዘንድሮ ነጩ፣ ለከርሞ ዝንጉርጉሩ ይዘራል። ከጎረቤት ጋር ተነጋግሮ የመንደሩን ተራ ማስማማት ከተቻለ ደግሞ እሰየው። ትልቁ አደንጓሬና ቦሎቄው ግን እርስ በርሳቸው የሚዳቀሉት ከስንት አንዴ ስለሆነ ጎን ለጎን ቢሆኑ አያሳስብም። መጀመሪያ ላይ የትኛው የትኛው እንደሆነ ጻፉ ያልኩት ለዚህ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር። የዘሩ ቆዳ የእናቲቱ አካል ነው። ስለዚህ ዘንድሮ በንብ የተዳቀለ ፍሬ መልኩ ፍጹም እንደ እናቱ ሆኖ ይወጣል፤ በዓይን አይለይም። የቀለም ለውጡ የሚታየው ያን ፍሬ ዘርታችሁ ከእሱ በሚገኘው ምርት ነው። አንዱ ተክል ዳማ ሲጠበቅ ዝንጉርጉር ያወጣል፤ በሱ ዛላ ውስጥ ያለውም ሁሉ እንደዚያው ዝንጉርጉር ነው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ያን ስትዘሩት የልጅ ልጆቹ ይበታተናሉ፣ ጥቁርም ቡላም ነጭም ይወጣል። ስለዚህ ምርቱን ከመቀላቀላችሁ በፊት ተክል በተክል ፈልፍላችሁ እዩ። እንግዳ መልክ ያለውን ወደ ንፍሮው አድርጉት፤ ካማራችሁ ደግሞ በሌላ ጠርሙስ ያዙት። አዲሱ ቀለም እንዲጸና ግን አምስት ስድስት ትውልድ እየመረጡ መዝራት ይጠይቃል። እኔ የምመክረው መጀመሪያ የእናቱን መልክ እንድታጸኑ ነው።

ድብልቁን ለመብላት ብቻ የሚዘራ ሰው ምንም መለየት አይጠበቅበትም። ዓይነቱ የተቀላቀለ ዘር በሽታ ሲመጣ አንዱ ቢጎዳ ሌላው ይተርፋል፤ የቀደሙት ሰዎች ድብልቅ መዝራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ለዘር የሚሆነውን እንዴት ልምረጥ?

ከተበላ የተረፈውን ዘር አታድርጉ። ገና ዛላ ሲይዝ ጤናማ የሆኑትን፣ ቶሎ ያፈሩትንና ብዙ ዛላ ያላቸውን ተክሎች በክር አስራችሁ ምልክት አድርጉ፤ ልጆችም እንዳይለቅሙት ንገሯቸው። ከአንድ ተክል ብቻ አትውሰዱ። ከቦሎቄ አሥር፣ ከትልቁ አደንጓሬ ሃያና ከዚያ በላይ ተክል ቢሆን ዘሩ አይደክምም።

ቅጠሉ ተበላሸ፤ ምን ልርጭ?

ከመርጨታችሁ በፊት ምን እንደያዘው እዩ። የቡና ዱቄት የመሰለ፣ ሲነካ ጣት ላይ የሚቀር ከሆነ ዋግ ነው። ዛላው ላይ የጎደጎደ ጥቁር ቡናማ ቁስል ከታየ በዘር የሚተላለፍ በሽታ ነው። ያን ተክል ነቅላችሁ አርቁ፣ ፍሬውንም ለዘር አትያዙ። ቅጠሉ ዝናብ ወይም ጤዛ እንዳዘለ ጓሮው ውስጥ አትግቡ፤ በሽታውን ከተክል ወደ ተክል የሚያዞረው ብዙ ጊዜ የሰው ልብስና እጅ ነው። በአንድ መደብ ላይ በየዓመቱ ቦሎቄ አትመላልሱ፣ ከጎመን ወይም ከድንች ጋር አፈራርቁት።

ክሽክሽ ሲበዛ ጫፉን መቁረጥና በሳሙና ውሃ ማጠብ ይበቃል። ቡቃያው በድንገት ቢጫ ሆኖ ከጠወለገ ግንዱን ከአፈሩ ጥግ ሰንጥቃችሁ ተመልከቱ። ውስጡ ትንሽ ትል ካለ የቦሎቄ ዝንብ ነው። ገና የቆሙትን አፈር አስታቅፏቸው፣ ከቁስሉ በላይ አዲስ ሥር ያወጣሉ። በጓሮ መጠን ኬሚካል ያስፈልጋል ብዬ አላምንም፤ እዚያው ጎመኑም ልጆቹም አሉ።

መቼ ልልቀም? እንዴትስ ላድርቅ?

ዛላው ገለባ መስሎ ሲደርቅ፣ ሲያንቀጠቅጡት ፍሬው ውስጡ ሲንኳኳ። የሚሳበው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለማይደርስ በየሳምንቱ እየዞሩ መልቀም ነው። ዝናቡ ካላቆመና ዛላው ቢጫ ከሆነ ተክሉን ከነሥሩ ነቅላችሁ (ትልቁን አደንጓሬ ግን ሐረጉን ቆርጣችሁ) ከበረንዳው ጣራ ሥር ዘቅዝቃችሁ ስቀሉት። እዚያው ይበስላል።

የበዛ በትር ዘሩን ይሰነጥቃልና ለዘር የሚሆነውን በእጅ ፈልፍሉ። በሰፌድ አንፍሳችሁ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ስሱ አድርጋችሁ አስጡት። የጋለ ቆርቆሮ ላይ የተሰጣ ለመብል ይሆናል፣ ለዘር ግን ሊሞት ይችላል። መድረቁን ለማወቅ ሁለት ፍሬ ወስዳችሁ በድንጋይ ምቱ። ተሰባብሮ ከተበተነ ደርቋል፤ ከተጨፈለቀ ገና ነው።

ነቀዝን እንዴት ልከላከል?

የቦሎቄ ነቀዝ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከጎተራ አይደለም። ገና ጓሮው ላይ እያለ በደረቀው ዛላ ላይ እንቁላሉን ይጥላል። ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጣችሁ ከወራት በኋላ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ የምታገኙት ለዚህ ነው። መልሱ ቶሎ መልቀምና አየር መንሣት ነው። በደንብ የደረቀውን ዘር በሃይላንድ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልታችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ ክደኑት። ውስጥ የቀረውን አየር ነቀዙ ጨርሶ ይታፈናል። ለብዛቱ ፒክስ ከረጢት የሚባለው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት በዚሁ መንገድ ይሠራል።

ፍሪዘር ያለው ሰው የደረቀውን ዘር በታሸገ ጠርሙስ ለአንድ ሳምንት ያስገባው፤ እንቁላሉም ይሞታል። ሲያወጣው ክዳኑን ሳይከፍት ቤት ውስጥ ያሳድረው፣ አለዚያ እርጥበት ይይዛል። የተነፋ አመድ ከዘሩ ጋር በብዛት መቀላቀልም የኖረና የሚሠራ ዘዴ ነው። ለመብል የሚቀመጠውን በ1 ኪሎ አንድ የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት ማሸት ይቻላል።

የነቀዝ ክኒን የሚባለውን ግን ሰው በሚተኛበት ቤት አታስገቡ። የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል።

ጥሬው መርዝ አለው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ በተለይ ቀዩ። ሌክቲን የሚባል ነገር አለው፤ አራት አምስት ጥሬ ወይም ያልበሰለ ፍሬ እንኳ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ኃይለኛ ትውከትና ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። ነጩ ያነሰ ቢኖረውም ከሱም አይጠፋም። ስለዚህ ሌሊቱን ዘፍዝፉት፣ የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ ድፉ፣ በአዲስ ውሃ ጣዱትና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እየተንፈቀፈቀ ይፍላ። ከዚያ በኋላ እስኪለሰልስ ቀስ ብሎ ሊበስል ይችላል። ገና ሳይፈላ በለዘዘ እሳት ላይ መተው ግን መርዙን አያጠፋውም። እንደ ሽንብራ ቆሎ አድርጎ ቆልቶ መብላትም አይሆንም።

በደጋ ይህ ይብሳል። ደብረ ማርቆስ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው እንጂ በ100 አይደለም፤ ለዚህ ነው ንፍሮው የሚዘገየው። ፕሬሸር ኩከር ያለው ሰው ጊዜም እንጨትም ይቆጥባል። ጨውና ቲማቲም ከለሰለሰ በኋላ ይግባ።

ያ ሁሉ ቀለም ሲቀቀል የት ይሄዳል?

ወደ ውሃው። የጥቁሩና የወይኖው ቀለም በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ ነጠብጣቡ ይጠፋና ሁሉም ወደ ቡናማ ይጠጋል። ጣዕሙ ግን አይሄድም፤ ጥቁሩ የአፈር ጣዕም ያለው፣ ነጩ ለስላሳ፣ ትልቁ አደንጓሬ ደግሞ እንደ ድንች ዱቄታማ ነው። ከበቆሎ ጋር ንፍሮ ለማድረግ ከትልቁ የሚደርስ የለም።

በትንሽ ጓሮ ስንት ዓይነት ልያዝ? ዘሩስ ስንት ዓመት ይቆያል?

ሦስት ይበቃል፦ አንድ ትልቅ አደንጓሬ፣ አንድ የሚሳብ ቦሎቄ፣ አንድ ቁጥቋጦ ቦሎቄ። ሌላ ማከል የሚፈልግ ሰው በዓመት በዓመት ያፈራርቅ። የቦሎቄ ዘር በደንብ ደርቆ በቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ከተቀመጠ ሦስት አራት ዓመት ይቆያል፣ ቢሆንም በየዓመቱ ይደክማል። ከብርሃን አርቁት፤ ዝንጉርጉሩ ዘር ብርሃንና ሙቀት ካገኘው ይጠቁራል፣ ሲቀቀልም አይበስልም።

በየጠርሙሱ ላይ የሰጠችሁን ሰው ስም፣ መንደሩን፣ የሚሳብ መሆኑንና የለቀማችሁበትን ዓመት ጻፉ። የምትወዱትን ዓይነት በአንድ ቤት ብቻ አታስቀምጡ፣ ቢያንስ ለሁለት ጎረቤት ስጡ። ውርጭ ወይም ነቀዝ የእናንተን ቢጨርስ ከእነሱ ትመልሳላችሁ። በአዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት መነሻው እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የዘር ባንክ ነው፤ ብርቅ ነው የምትሉት የአካባቢ ዘር ካለ ናሙናውን እዚያ ማሳወቅ ይቻላል።

ክረምት ሲቃረብ፣ ከመዝራታችሁ ሁለት ሳምንት በፊት፣ ከየጠርሙሱ አሥር ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሞቅ ባለ ቦታ አኑሩ። በሳምንቱ ስምንትና ከዚያ በላይ ካቆጠቆጠ እንደ ወትሮው ዝሩ። አምስት ስድስት ከሆነ እጥፍ አድርጋችሁ ዝሩና የዚያን ዓመት ምርት በሙሉ ለዘር አስቀሩት።